ማን ማን ነው የሚመጣው?

ልደታ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህትዓለም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ስልኬን ሦስት ጊዜ አንሥቼ፣ ቁጥርሽን ካወጣሁ በኋላ መልሼ አስቀመጥኩት። ድምፅሽን ስሰማ አፌ እንደሚያያዝብኝ ስለማውቅ ነው። እናትሽን፣ እማማን፣ ከቀበርን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ለቀብራቸው ቆምኩ፣ ሠልስቱን ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ወዲያ እግሬ ደጃፍሽን አልረገጠም። ለአርባቸው ታምሜ ነበር፤ ለሙት ዓመታቸው ግን ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ቀኑ በገፋ ቁጥር ኀፍረቱ እየከበደኝ ሄደ። አንቺም ዝም አልሽ፤ ልክ ነሽ። ይህን ያህል ሳንራራቅ «ሰፈሯ ኮዬ ፈጬ ሩቅ ነው» እያልኩ ራሴን ስላታለልኩበት ጊዜ ሁሉ ይቅር በይኝ።

ባለፈው ሳምንት መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ወንድምሽን አገኘሁት። ልጅሽ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 19 ሊያገባ መሆኑን ነገረኝ። በጀርባዬ አዝዬ እሹሩሩ ያልኩት ልጅ! እዚያው በርበሬው መሀል ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው በርበሬው ገብቶባት ነው ሳይል አልቀረም። ስታዲየም አካባቢ ካለ ሆቴል ጋር በሰው ሒሳብ ልትዋዋሉ እንደሆነም አጫወተኝ። ቀብዱን ካልከፈላችሁ እባክሽ ይህን ደብዳቤ ጨርሰሽ አንብቢ። እኛ የልጄን መልስ ጥር 18 ደግሰናል፤ ከጥምቀት በኋላ፣ ሁዳዴ ሳይገባ እንደሚደግሰው እንደ ማንኛውም ሰው ተጣድፈን። ድካሙ ገና ከጉልበቴ አልወጣም፤ ስለዚህ የማወራሽ ሁሉ ትኩስ ነው።

እኛም መጀመሪያ ያሰብነው ሆቴል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አምና የሄድኩበት ሠርግ ነው። አዳራሹ ያምራል፣ አበባው ያምራል። ምግቡ ቡፌ ነበርና ሰው ሁሉ ሳህን ይዞ ተሰለፈ። አንድ ሽማግሌ፣ የሙሽራው አያት ወንድም ናቸው፣ በከዘራ ተደግፈው ሰልፉ መሀል ቆመው አየኋቸው። ተራቸው ሲደርስ ጥብሱ አልቆ መረቁ ብቻ ቀርቷል። ሳህናቸውን ይዘው ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በእኛ ቤት እንግዳ ተቀምጦ ምግቡ ወደሱ ይመጣል እንጂ እንግዳ ምግብ ፍለጋ አይቆምም። ለባለቤቴ «የልጄን መልስ በድንኳን፣ በሰፈር እጅ ነው የማደርገው» አልኩት።

ወጥ ሠሪ ስንፈልግ አራት ሴቶች አነጋገርን። ሦስቱ መጀመሪያ የጠየቁን «ስንት ሰው ነው?» ብለው ነው። አራተኛዋ የጌጃ ሰፈር ሴት ናት፤ ቢሮ የላት፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ የላት፤ ከአምስት ሴቶች ጋር ከቤቷ የምትሠራ ናት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ማን ማን ነው የሚመጣው?» አለችን።

እህትዓለም፣ ይህ የእማማ ጥያቄ አይደል? በድሮው ልደታ፣ የጭቃ ቤቶቻችን ሳይፈርሱ፣ ሰው ድግስ ሲያስብ መጀመሪያ ወደ እናንተ ግቢ ይመጣ ነበር። እማማ ቁጥር አይጠይቁም። ጣታቸውን እያጠፉ «እገሌ ጥርስ የላቸውም፣ ለእሳቸው ሥጋው ይፍረስ። እገሊት ስእለት አለባት፣ ሥጋ አትነካም። የባቡር ጣቢያዎቹ ከሥራ ተርበው ነው የሚመጡት፣ እንጀራ ይብዛ» ይሉ ነበር። እኔና አንቺ በር ላይ ሽንኩርት እየላጥን ስንሰማ ድግስ ማለት ሰውን ማወቅ መሆኑን መች ልብ ብለን? የጌጃ ሰፈሯን ሴት የመረጥኳት በዚህ ጥያቄዋ ነው። ደግሞ ወጧን ትኩሱን ብቻ ሳይሆን ያደረውን ቀምሻለሁ፤ ቁሌቱ በደንብ ያልበሰለ ወጥ ሲያድር ያጋልጣል። ቤቷም ድንገት ሄጃለሁ፤ ድስቷና እጇ ንጹሕ ነው።

ከዚያ እኛም ጣታችንን እያጠፍን ቆጠርን። የመጣው ሰው 210 ነው። አማቾቻችን ጉራጌዎች ናቸው፤ ለእነሱ ክትፎ፣ አይቤ፣ ጎመንና ቆጮ የግድ ነው። ሆቴሉ ዘርዝሮ በሰጠን ወረቀት ላይ ቆጮ የሚባል ነገር አልነበረም። ክትፎውን ግን ጠዋት ሠርቶ ማስቀመጥን እንዳትሞክሪው። አንድ ልጅ ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ለጠየቀ ብቻ እዚያው አቀረበ፤ ጥሬውን ለሚፈልግ ጥሬ፣ ለሌላው ለብ ለብ አድርጎ።

ሠላሳ የሚሆኑት እንግዶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። እዚህ ነው ሰው ብዙ የሚሳሳተው፤ ከአንድ ወጥ ጥቂት ጨልፎ ለብቻ ድስት ማድረግ ለብቻ መሥራት አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን «ለእኔ ተይልኝ» አለችኝ። ሁለቱን በጎች ገንዘቡን ሰጥተናት ወንድሟ አረደ፣ በራሷ ቤት፣ በራሷ ቢላዋና ድስት ሠራች፣ ልጆቿ አስተናገዱ። እንጀራው ብቻ የጋራ ነበር። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ገብቶ ማን እንደሠራው ሲሰማ፣ ሳይጠራጠር እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ማየት ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ።

መነኮሳትና ሥጋ የማይነኩ እንግዶች ነበሩ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና አትክልት በዘይት ተሠራላቸው። ስኳርና ደም ብዛት ያለባቸው የእድራችን ሽማግሌዎች ደግሞ ጨው የቀነሰ አልጫ በትንሽ ድስት ለብቻ ነበራቸው። ወጥ ሠሪዋ ያን ድስት በነጭ ክር አስራ ለየችው። ለልጆቹ ሩዝና ዳቦ።

ዶሮ ወጥ ላይ ተጨቃጨቅን። እኔ ይቅር ብዬ ነበር፤ ሴቶቹን የሚጨርሳቸው እሱ ነውና። የባለቤቴ እህት «ያለ ዶሮ መልስ አላውቅም» አለች፤ አሸነፈችኝ፤ አሁን ሳስበው ትክክል ነበረች። 20 ዶሮ በ12 ብልት 240 ነው፤ ለሚበላው ሁሉ አንድ አንድ ደርሶ ተረፈ። ሽንኩርቱ ለዶሮውም ለቀይ ወጡም 70 ኪሎ ነው። አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሣ ወዲህ ሩቅ ሆኖብን በጭነት አስመጣነው፣ ዓርብ ከሰዓት የሕንፃው ሴቶች ከብበው ላጡት። የዚያን ቀን ጾም ስለሆነ ማንም ቅቤ የገባበትን ሊቀምስ አይችልም፤ ስለዚህ ዓርብ ማታ ቁሌቱን በዘይት ብቻ አብስለን፣ ቅቤውንና መከለሻውን ለቅዳሜ ተውነው። አንቺ ይህ ችግር የለብሽም፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ይበላል።

ያንቺ ችግር ሌላ ነው። ሰው 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ሳምንት በዶሮና በቅቤ ተወጥሮ ነው ወደ ሠርግሽ የሚመጣው። እኔ ብሆን ዶሮውን ትቼ ቀለል ያለ አልጫ፣ ጥብስና ብዙ አትክልት፣ ሰላጣም አደርጋለሁ። በግና ቅቤ በፋሲካ ሰሞን ይወደዳል፤ ቅቤውን ካሁኑ ገዝተሽ አንጥሪው፣ በርበሬውንም አስፈጪው። ጠላውን ከሆሣዕና ሳምንት ቀደም ብለሽ ጠንስሺ። እኔ የተሳሳትኩት በብርዝ ነው፤ ጥቂት ነው ያዘዝኩት፤ ጠላና ጠጅ የማይጠጣው ሰው ሁሉ ሲወደው በስምንት ሰዓት አለቀ። አብዝተሽ አድርጊ።

እንጀራ ለአንድ ሰው ሁለት ብዬ ቆጥሬ 80 ጨመርኩበት፤ 500 አዘዝን፣ 70 ያህል ተረፈ። የተረፈውን በማግስቱ ከወጡ ጋር ለልደታ ማርያም ነዳያን ወሰድነው።

የሠራነው በኮንዶሚኒየሙ የጋራ ማብሰያ ውስጥ ነው፤ ዓመት ሙሉ የተዘጋው ቤት ያን ሰሞን ጭሱ ወጣ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሳህኑንና ትልልቁን ድስት እድሩ ሰጠን። ቅዳሜ ጠዋት ውኃ ጠፋ። ሐሙስ ሮቶውን ባንሞላው ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። በመብራቱም አትተማመኚ፣ ከሰልና ጋዝ ይኑርሽ።

አዳራሹን ግን ከወደዳችሁት አትተዉት፤ ሙሽሮቹ ያልሙታል። ከውጭ ምግብ ማስገባት ይፈቅዱ እንደሆነ ብቻ ቀብድ ሳትከፍሉ ጠይቋቸው። ከፈቀዱ፣ ወጣቱ ቡፌውን ይሰለፍ፤ ለሽማግሌዎቹ ግን ከፊት ያሉትን ጠረጴዛዎች ለዪ፣ በትሪ አቅርቢላቸው፣ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ልጅ መድቢ። የእኛ ልጆች እጅ እያስታጠቡ፣ እያጎረሱ፣ «ይጨመር ወይ?» እያሉ ሲዞሩ፣ የድሮ ጎረቤታችን፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ የነበሩት ጋሼ፣ «እናትሽን አስታወስሽኝ» አሉኝ። እናቴን ሳይሆን እማማን ማለታቸው ነበር፤ ሁላችንንም የእሳቸው ልጅ ነበር የሚያደርጉን።

ወጥ ሠሪዋ ለሚያዝያ 19 እስካሁን አልተያዘችም። ትናንት ሄጄ ጠየቅኳት። እስከ ሚቀጥለው እሑድ ትጠብቀኛለች፤ ከዚያ በኋላ ዳግማይ ትንሣኤን ባዶ ማሳደር አትችልም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቤቱ ሲፈርስ እማማ ያስቀመጡብኝ ትልቁ የብረት ድስት እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው። ቀይ ወጡን የሠራነው በእሱ ነው። ሳላስፈቅድሽ ተጠቀምኩበት፤ ልጠይቅሽ አፍሬ ነው። አሁን በአመድ ፈትጌ፣ አጥቤ፣ በነጠላ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። ማክሰኞ ሥራ የለኝም። ከባድ ነውና ከባለቤቴ ጋር ሆነን በመኪና እናመጣዋለን፤ ለአራት ሰዓት ቤት ትኖሪያለሽ?

ያንቺው