ያልታጨደው ዳርቻ፦ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ሲቀርብለት ቆይቷል፦ «ወንዙን ማጽዳት ጀምራችሁ ለምን ተዋችሁት?» ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሥራው በእርግጥ ጅምር ይመስላል። ያልታጨደው ዳርቻ ግን የቀረው አባላቱ ደክመው አይደለም፤ በሜትር ለክተው፣ ካስማ ተክለው የለዩት ነው።

ቄጠማው፣ ደንገሉና ሸምበቆው እንዳለ ከተተወ ከሁለቱም ዳር ገፍቶ መሐሉን ይዘጋል። ውኃው ይዝላል፣ ደለል ይተኛል፣ ጥላው ከሥር ያለውን ተክል ይገድላል። እንዳለ ከታጨደ ደግሞ ዓሣ የሚሸሸግበት፣ ወፍ ጎጆ የምትሠራበት፣ እንቁራሪት እንቁላሏን የምትጥልበት ይጠፋል። ሥሩ ከተነቀለማ ዳርቻው ራሱ በጎርፍ ይናዳል። ስለዚህ ከትምህርት ቤታችን ግቢ ጀርባ ያለውን 60 ሜትር በየ20 ሜትሩ ከፈልነው፤ በግራ ዳር 1፣ 2 እና 3፣ በቀኝ ዳር ትይዩአቸውን 4፣ 5 እና 6 አልናቸው። ዘንድሮ የታጨዱት 1 እና 6 ብቻ ናቸው። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ክፍሎች በአንድ ዓመት አይነኩም፤ ከአንዱ ዳር የተባረረ እንስሳ ማዶ መጠጊያ ማግኘት አለበት።

አጨዳው የሚጀመረው ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን አስበርረው ሲጨርሱ ነው። ከታች ወደ ላይ እየወጡ ያጭዳሉ፤ እንዲህ ሲሆን የደፈረሰው ውኃ ወደ ኋላ ስለሚሄድ እጅና ማጭድ ያለበት ቦታ ይታያል። ከሥራው ቦታ በታች ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች የታሰሩበት ገመድ ይዘረጋል፤ የሚንሳፈፈውን ቁራጭ የሚይዘው እሱ ነው። አገዳው ከውኃው በላይ 20 ሳንቲ ሜትር እየተተወ ይቆረጣል። ሸምበቆ ሥሩን የሚያስተነፍሰው በአገዳው በኩል ስለሆነ ከውኃ በታች ከተቆረጠ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የታጨደው አንድ ሌሊት ከውኃው ጠርዝ ያድራል፤ በውስጡ ያሉት ትንንሽ ነፍሳት ወደ ውኃው የሚመለሱት ያኔ ነው። በማግስቱ ርቆ ይወሰዳል።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ተሳስተናል። የመጀመሪያውን ክምር ከጠርዙ አላራቅነውም ነበርና ያልታሰበ ዝናብ ግማሹን ጠርጎ መታጠፊያው ላይ ከተተው። ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ጨረሰ፤ በአራተኛው ቀን ማለዳ ዓሦች አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ሲያዛጉ ታዩ፤ የሞቱም ነበሩ። ተክሎች ሌሊቱን ኦክስጅን ስለሚወስዱ እንጂ ስለማይሰጡ ጉዳቱ የሚከፋው ጎህ ሲቀድ ነው። አባላቱ በሁለት ቀን በመንሽ አወጡት። አሁን ክምሩ የጎርፍ ምልክት ካለበት 5 ሜትር አልፎ ይቀመጣል።

«ከፊሉን መተው» የማይሠራበት አንድ ተክል አለ፤ እምቦጭ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ የተሰበረ ቁራጩ ራሱን ችሎ ይበቅላል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ሳያብብ በፊት ከነሥሩ በእጅ ተለቅሞ ደረቅ መሬት ላይ ተሰጥቷል።

ክፍል 6ን የምትመለከቱ ሰዎች ጫፉ ላይ ሳይታጨድ ወደ ውስጥ የገባ አንድ ሜትር ታያላችሁ። ቅዳሜ ማለዳ ነበር። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ማጭዷን አንስታ ቆማ ቀረች። «ቲቸር፣ ይቺን እንለፋት» አለች። ቄጠማው ላይ ቡናማ የውኃ ተርብ ዕጭ በእግሮቹ ጥፍር ተጣብቋል፤ ጀርባው ተሰንጥቋል። መጀመሪያ ደረቱ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ወጣ፤ ክንፎቹ እንደ እርጥብ ወረቀት ተጨማድደው ነበር። ቀስ እያሉ ተዘረጉ፣ ጠሩ። ሌሎቹም ማጭዳቸውን መሬት አስቀምጠው መጡ፤ አንድ ሰዓት ያህል ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። ውኃ ውስጥ ያደገ ፍጡር ለመብረር የሚያስፈልገው ያች አንድ አገዳ መሆኗን ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገም። በረረ። ካስማውን ነቅላ አንድ ሜትር ወደ ኋላ የተከለችው እሷው ናት። ባዶ ቅርፊቱ ባዮሎጂ ክፍል መስኮት ላይ፣ ብርጭቆ ውስጥ አለ።

ስብሰባዎቹ 14 ናቸው፤ ቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ ይገኛል።

ክበቡ 31 አባላት አሉት፤ ቦት ጫማው ግን 4 ጥንድ ብቻ ነው። አራቱ ውኃ ውስጥ ሲሠሩ ሌሎቹ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ከስድስቱ ማጭዶች ሁለቱ ከተማሪዎች ቤት የመጡ ናቸው። በዓመቱ መጀመሪያ የቀረበው የመሣሪያ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም፤ ልጆቹ ይህንን ያህል ሠርተው መልስ መጠበቃቸው አግባብ አይደለም። የጠየቅነው 8 ጥንድ ቦት ጫማ፣ 2 መንሽና 30 ሜትር ገመድ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ተራ የክፍል 2 እና የክፍል 4 ነው፤ ዕቃው ጎጆዎቹ ባዶ ከመሆናቸው በፊት ቢደርስ በአንድ ቅዳሜ ሁለቱንም መጨረስ ይቻላል።