ስኩል ቦርድ ምን አገባኝ ላልሽኝ ልጄ

ልጄ የኔ ቆንጆ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ አባትሽም ጉልበቱን ተሽሎታል፣ እማማም ካዲሳባ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው ስላንቺ ነው። ባለፈው በስልክ የምርጫ ወረቀትሽ፣ የካውንቲያችንን ትምህርት ቤቶች የሚመራው ስኩል ቦርድም የሚመረጥበት፣ ደረሰሽ ወይ ስልሽ "ማሚ ሃይስኩል ጨርሼ የለ እንዴ፣ ስኩል ቦርድ ምን አገባኝ" አልሽኝ፣ ብሬኬ አልቆ ስለነበር መልስ ሳልሰጥሽ ዘጋሁት። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣ ስላለ በቴክስትም የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው፣ ረዘመ ብለሽ እንዳታልፊው።

ከጓደኛሽ ልጀምር፣ ከሳልቫዶሯ። አስራ አንደኛ ክፍል እያላችሁ ወላጆች የተማሪ አማካሪዋን (ካውንስለሯን) የሚያነጋግሩበት ቀን እሷና እናቷ ከኔ በፊት ነበሩ፣ እኔ ተራዬን በሩ ጋ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ሁሉም ይሰማኛል። አስተርጓሚ የለም፣ የምታስተረጉመው ራሷ ልጅቷ ነች። ካውንስለሯ ክሬዲት ይጎድላታል፣ ፈተናውን አልፋ ከኢሶል፣ እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች ከሚሰጠው ክላስ፣ ካልወጣች የፈለገችውን ክላስ ለመውሰድ ይከብዳታል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትቀራለች እያለች ስትዘረዝር ቆየችና "በይ ንገሪያት" አለቻት። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞር ብላ "ቶዶ ቢየን ማሚ" ብቻ አለች። እኔ ከስራ ቦታ የለቃቀምኳት ስፓኒሽ ሁሉም ደህና ነው ማለቷን ለማወቅ ትበቃለች። እናትየዋ የጽዳት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ካውንስለሯን ግራሲያስ ግራሲያስ እያለች፣ ፊቷ በርቶ ወጣች።

በልጅቷ አልፈረድኩባትም። የአስራ ስድስት አመት ልጅ የራሷን ጉድለት ለገዛ እናቷ አስተርጉሚ ይባላል እንዴ? ማታ ሬስቶራንት እቃ ስታጥብ አምሽታ ቤት የምትገባው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፣ ጠዋት እናቷ ከሌሊት ስራ ሳትመለስ ሁለቱን ታናናሾቿን ቀስቅሳ አልብሳ ባስ የምታሳፍራቸውም እሷ ነች፣ ታዲያ የመጀመሪያው ፔሬድ እንዴት አያመልጣት። እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ አስተርጓሚ ማቅረብ ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው፣ ልጁን አስተርጉም ማለት አይገባም፣ የፌዴራል ሕግ ነው። ግን ለእናትየዋ ይሄን መብት አለሽ ብሎ የነገራት ሰው የለም፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ቢሮ ገብቶ ይሄ ይገባኛል ብሎ ለመናገር ምን ያህል እንደሚፈራ መቼም አይጠፋሽም። ከ2025 ጃንዋሪ ወዲህማ ኢሚግሬሽን ትምህርት ቤትና ቤተክርስቲያን አካባቢ ሰው እንዳይዝ የሚከለክለው መመሪያ ስለተነሳ ፍርሃቱ ብሶ ልጅ ማድረስና መመለስ ራሱ ጭንቅ ሆኗል።

የኛ ሰው ሲሰበሰብ "ስፓኒሾች እኮ ስራ እንጂ ትምህርት አይወዱም" ሲባል ሰምተሻል፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ሳይቀር ይባላል፣ እኔ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። በ2010 በመላው አሜሪካ ከ16 እስከ 24 አመት ካሉት ሂስፓኒክ ወይ ላቲኖ የሚባሉ ወጣቶች ከመቶ 17ቱ ያህል ሃይስኩል ሳይጨርሱ አቋርጠው ነበር፣ በ2021 ወደ 8 ወረደ። በአስር አመት ምናምን ውስጥ ከግማሽ በላይ መቀነስ ማለት ነው፣ ያውም ልጆቹ እየሰሩ፣ ታናናሽ እያሳደጉ፣ ለእናት ላባታቸው እያስተረጎሙ። ትምህርት የማይወድ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ደግሞ እኛ ራሳችን ከነሱ ትግል ምን ያህል እንደተጠቀምን የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። አንቺ ስትወለጂ ዲሲ ነበርን፣ የከተማው ቢሮ ስሄድ ቅጹ በአማርኛ ተጽፎ ይሰጠኝ ነበር። ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1991 ሜይ ወር ማውንት ፕለዘንት ሰፈር አንዲት ፖሊስ አንድ የሳልቫዶር ሰው በጥይት መታችና ሰፈሩ ለቀናት ተናወጠ፣ መኪና ተቃጠለ፣ ሱቅ ተሰበረ፣ ከዛ በኋላ የፌዴራሉ የሲቪል መብት ኮሚሽን መጥቶ ሲያጣራ ላቲኖዎቹ ለከተማው ግብር እየከፈሉ በቋንቋ ምክንያት ከፖሊሱም ከክሊኒኩም ከትምህርት ቤቱም እንደተገለሉ በ1993 ሪፖርት አወጣ። እነሱም እዛ ላይ አልቆሙም፣ ከኤዢያኖቹም ከኛም ሰዎች ጋር አብረው ለአመታት ምክር ቤቱን ወጥረው ያዙትና በ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ወጣ፣ ከስፓኒሹ ጎን አማርኛም ገባበት። እኔ ያን ቅጽ ስሞላ ይሄን ሁሉ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፣ አንቺ ግን እወቂው።

ሌላም አለ። ቴክሳስ በ1975 ወረቀት ለሌላቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ አይሰጥም የሚል ሕግ አወጣች፣ ታይለር የምትባል ከተማ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ በአመት 1,000 ዶላር አምጡ አለች። የቀን ሰራተኛ የሆነ አባት ከየት ያመጣል? የሜክሲኮ ቤተሰቦች ስማቸውን ደብቀው ከሰሱ፣ ፍርድ ቤት ሲሄዱ እዛው ተይዘን ብንባረርስ ብለው እቃቸውን መኪና ላይ ጭነው ነው የሄዱት። እስቲ አስቢው፣ ልጄ አንደኛ ክፍል ይግባልኝ ለማለት ነው እኮ። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደላቸው። በአንድ ድምፅ ብቻ ማለት ነው። ዛሬ ወረቀት ሳይኖራቸው ልጅ ይዘው የመጡ የኛ ሀበሾች ልጃቸውን የመንግስት ትምህርት ቤት በነጻ የሚያስገቡት በነዛ ቤተሰቦች ድፍረት ነው። ይሄ ደግሞ ያለቀለት ነገር እንዳይመስልሽ፣ በ2025 ቴነሲ ውስጥ ይሄን የሚያፈርስ ረቂቅ ሕግ በሴኔታቸው አልፎ ነበር፣ ሌላኛው ምክር ቤት ላይ ቆመ እንጂ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የክሪስታል ሲቲ ነገር ነው፣ ስኩል ቦርድ ምን አገባኝ ስትይኝ ቶሎ ትዝ ያለኝም እሱ ነው። ደቡብ ቴክሳስ ያለች ስፒናች የሚመረትባት ትንሽ ከተማ ነች፣ አብዛኛው ሰው የሜክሲኮ ዘር ሆኖ ብዙዎቹ በየአመቱ ልጆቻቸውን ይዘው ሰብል ለመልቀም ወደ ሰሜን ስቴቶች ይሰደዳሉ። ሃይስኩሉ ውስጥ አብዛኛው ተማሪ የነሱ ልጅ ነው፣ መምህሩና ቦርዱ ግን በአብዛኛው ነጭ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ በቋንቋቸው ካወሩ ይቀጣሉ። ጨዋታ ላይ ቡድኑን እየጨፈሩ ከሚያበረታቱት ቺርሊደሮች ውስጥ ለነሱ የተተወችው አንዲት ቦታ ነች፣ ሆምካሚንግ በሚሉት የትምህርት ቤቱ በዓል ንግስት ለመሆን ደግሞ እናት ወይ አባትሽ ከዛው ሃይስኩል የተመረቀ መሆን አለበት ተባለ። አየሽ ተንኮሉን? ወላጆቹን እርሻ ላይ እያሉ ሳያስተምሯቸው ቀሩ፣ ያ ደግሞ ተመልሶ በልጆቻቸው ላይ መከልከያ ሆነ።

በ1969 ዲሴምበር ልጆቹ ክፍል ጥለው ወጡ። ስቴቱ ለትምህርት ቤቱ የሚከፍለው በየቀኑ በሚገኝ ተማሪ ቁጥር ስለነበረ መቅረታቸው ቦርዱን ኪሱ ላይ መታው፣ ሶስቱ ተማሪዎች እዚህ ዋሽንግተን ድረስ መጥተው ሴናተሮች አነጋገሩ፣ በገና እረፍት ትምህርት እንዳያመልጣቸው ከሌላ ቦታ መምህራን መጥተው በነጻ አስተማሯቸው፣ ጃንዋሪ ላይ ቦርዱ ተሸነፈና ብዙውን ጥያቄያቸውን ተቀበለ። ሌላ ቦታ ቢሆን እዚህ ጋ ያበቃ ነበር። እነሱ ግን ዛሬ የፈቀደልን ቦርድ ነገ ቢከለክለንስ አሉና ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ማስመዝገብ ጀመሩ። ቴክሳስ ውስጥ ለመምረጥ ገንዘብ መክፈል የቀረው በ1966 ነው፣ እስከዛ ድረስ ለድሃ ሰው መምረጥ ቀላል አልነበረም። በ1970 ኤፕሪል ወላጆቹ መረጡ፣ የራሳቸውን ሰዎች ቦርዱ ላይ አስቀመጡ፣ ከዛ በኋላ ነው ሁለት ቋንቋ ማስተማሩም የነሱ መምህራን መቀጠሩም የመጣው። ልጆቹ ብዙዎቹ ለመምረጥ እድሜያቸው አልደረሰም ነበር፣ እናቶችና አባቶች ናቸው የመረጡላቸው።

የጓደኛሽ ነገር የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው፣ እሷ የሚመርጥላት የላትም። እናቷ ሲቲዝን አይደለችም፣ እሷም አይደለችም። እዚሁ ሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ የምትባለው ከተማ ቢኖሩ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲቲዝን ያልሆነ ሰው ለከተማው ምርጫ ይመርጣል፣ ግን እሱም ለከተማው እንጂ ለካውንቲው ቦርድ አይሆንም። እሷ በህይወቷ የመረጠችው ሃይስኩል እያላችሁ የተማሪውን የቦርድ አባል ስትመርጡ ብቻ ነው፣ እዛ ሲቲዝን ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ። ትዝ ይልሻል ያኔ ፖስተር እየለጠፈች ከናንተ ሁሉ በላይ ስትሯሯጥ? ያቺ ልጅ ፖለቲካ አይገባትም ሊለኝ የሚችል ሰው የለም።

የሷ ብቻ ችግር ደግሞ አይደለም። በየአመቱ 1.4 ሚሊዮን የሚሆኑ ላቲኖዎች ለመምረጥ ይበቃሉ፣ አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው 18 የሞላቸው ልጆች ናቸው። ሆኖም በ2020 መምረጥ ከሚችሉት ሂስፓኒኮች የመረጡት ከመቶ 54 ገደማ ነበሩ፣ ባጠቃላይ ህዝቡ ግን 67 ገደማ። ግድ ስለሌላቸው አይመስለኝም። ኮሌጅ ማመልከትም መምረጥም ቤት ውስጥ ታይቶ ነው የሚለመደው፣ እናቱ መርጣ የማታውቅ ልጅ ማን ይዞት ይሄዳል? ፋፍሳ የሚባለውን የኮሌጅ እርዳታ ቅጽ ሲሞላስ ማን አጠገቡ ይቀመጣል? በ2024 የኮሌጅ እርዳታው ቅጽ ሲቀየር ሶሻል ሴኩሪቲ የሌላቸው ወላጆች ጭራሽ መሙላት አቅቷቸው ልጆቹ ሲቲዝን ሆነው ሳለ ስንት ወር ሲንከራተቱ አላየሽም?

ጓደኛሽ አሁን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እንደ ሜሪላንድ ነዋሪ የምትከፍለው ለምን ይመስልሻል። በ2012 ኖቬምበር ወረቀት የሌላቸው ልጆች እንደ ነዋሪ ይክፈሉ ወይ የሚለው ለሕዝብ ቀርቦ ከግማሽ በላይ የሆነው መራጭ አዎ ብሎ ነው። አዎ ያሉት ሰዎች እሷን አያውቋትም፣ ያኔ እሷ ገና ሳልቫዶር ነበረች። አሁን ታናናሾቿ ኤለመንታሪ ናቸው። ለእናታቸው አስተርጓሚ ይመጣ አይመጣ፣ ስፓኒሽ የሚችል ካውንስለር ይቀጠር አይቀጠር፣ የኢሶል መምህር ይቀነስ አይቀነስ ፕሬዝዳንቱ አይደለም የሚወስነው፣ በጀቱን የሚያወጣው ቦርዱ ነው። በካውንቲያችን ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከሁሉም የሚበዙት የሂስፓኒክ ልጆች ናቸው፣ ብዙ ወላጆቻቸው ግን ድምፅ የላቸውም። አንቺ አለሽ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። መጀመሪያ ለጓደኛሽ ደውይላትና የወንድሞቿ ትምህርት ቤት ምን እንደጎደለው ጠይቂያት፣ እኛ ስለነሱ ከምንገምት እሷ ትንገርሽ። ከዛ እጩዎቹ ስለ አስተርጓሚና ስለ ኢሶል ምን እንዳሉ እይ፣ ካላሉ ኢሜይል አድርጊላቸው፣ ለአካባቢ ምርጫ የሚወዳደር ሰው ብዙ ጊዜ ይመልሳል። ወረቀቱን ስትሞዪ የስኩል ቦርዱ ወደ መጨረሻ ነው የሚገኘው፣ ላዩን ብቻ ሞልተሽ እንዳትተይው፣ ገልብጪው። ፖስታው ላይ መፈረም እንዳትረሺ። ፖስታው ካስጨነቀሽ ደግሞ ቅዳሜ ስራ የለኝም፣ ቀድሞ መምረጫው ሲጀመር መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲቪክ ቢልዲንግ አብረን እንመርጣለን፣ ከዛ ሽሮና በርበሬሽንም ይዘሽ ትመለሻለሽ። ለጓደኛሽም ምሳ እኛ ቤት ነው በያት።

የምትወድሽ እናትሽ