ሁዳዴን የሚያውቀው ጅብ፦ የተፈጥሮና አካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን ክበብ እስካሁን የሚታወቀው በችግኝ ተከላ ነው። ዘንድሮም ተክለናል፤ አጥር ያልደረሰላቸውን ፍየል ስለበላቸው ብዙ አላወራም። የዓመቱ ዋና ሥራችን ጎንደር ውስጥ አብረውን የሚኖሩትን የዱር እንስሳት መከታተል ነበር። ሐሳቡን ሳቀርብ «ከተማ ውስጥ ደግሞ ምን የዱር እንስሳ አለ? ሰሜን ተራራ እንሂድ እንጂ!» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። የአውቶቡስ ኪራዩ ሲነገር ግን ሁሉም ዝም አለ።

የጀመርነው ከፋሲል ግንብ ነው። እዚያ ከሚታዩት የእርግብ ዓይነቶች አንዷ ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት አላት፤ ስትበር ክንፏም ላይ ነጭ ይታያል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አትገኝም። የተፈጥሮ ቤቷ ገደል ስለሆነ ከተማ ስትገባ ብዙ የምትለምደው ነገር አልነበረም፤ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የድንጋይ ግንብ ለእሷ ያው ገደል ነው። ልጆቹ ይህ ከገባቸው በኋላ ፒያሳ ሲያልፉ እንኳ አንገታቸውን ወደ ጣሊያን ዘመን ፎቆች ማቅናት ልማድ ሆነባቸው። ቄራ አካባቢ የሚያንዣብቡትን ጥንብ አንሳዎችና ጭልፊቶችም መዝግበናል።

ከሁሉም በላይ ያከራከረን ግን ጅብ ነው። ማታ መውጣት የተከለከለ ስለሆነ አባላቱ ከመኝታቸው ሆነው ድምፁን የሰሙበትን ሰዓትና ሰፈር ይጽፉ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በመዝገባችን አልሠራም፤ ውሾቹ ቀድመው ነው የሚጮኹት። ጅብ ቀን ተደብቆ ውሎ እኛ ስንተኛ ይወጣል። ሌሎችም ዘዴውን ያውቁታል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት አጥቢ እንስሳት ሰው በሚበዛበት ቦታ እንቅስቃሴያቸውን ወደ ሌሊት እንደሚያዞሩ አሳይቷል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀሃ ወንዝ ዳር ደርቆ የነጣ የጅብ ዓይነ ምድር አገኘን። የሚነጣው ጅቡ አጥንት ስለሚፈጭ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና በእንጨት ብትሰብረው ውስጡ ጠጉር ሞልቶታል። የማን ጠጉር? በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ በትግራይ የተካሄደ ጥናት ይህንኑ ጠይቆ ነበር። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና ቅሪቱ ሲጠፋ በጅቡ ዓይነ ምድር ውስጥ የአህያ ጠጉር ይበዛል፤ ከፋሲካ በኋላ ይቀንሳል። ይህን በክበቡ ስናነብ አንዱ አባል ሄዶ ጎረቤቱን ባለጋሪ ጠየቃቸው። «ሁዳዴ ከገባ አህያዬን ደጅ አላሳድርም፤ አባቴም አያሳድርም ነበር» አሉት። እኔ በበኩሌ ከጥናቱ ይልቅ የእሳቸውን ቃል ነው በሚኒ ሚዲያ ያስነበብኩት።

ጅቡ ይባረር ወይስ ይኑር በሚለው ላይ አባላቱ አልተስማሙም። እኔ ይኑር ባይ ነኝ፤ መንገድ ዳር የወደቀውን በድን በአንድ ሌሊት ከነአጥንቱ የሚያነሣልን ሌላ የለንም። አህያ የሞተባቸው ቤተሰብ ልጅ ግን አልተዋጠለትም፤ እውነት አለው።

ለመጪው ዓመት የቤተ መጻሕፍቱ ኮርኒስ ውስጥ የሰፈሩትን የሌሊት ወፎች ይዘናል፤ ጥበቃው መጥረጊያ ሳያነሡባቸው መጀመር አለብን። መመዝገብ የሚፈልግ መስከረም ላይ ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ያገኘኛል፤ ደብተር፣ እርሳስና የወላጅ ፈቃድ ይዞ ይምጣ።