ጅባችን ይመለስልን

ለማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ሐረር

ጉዳዩ፦ በተማሪዎች ሥዕል ላይ ያለ ፈቃድ ስለተደረገ ለውጥ

ጤና ይስጥልኝ። የአራተኛ ክፍል የሥነ ጥበብ መምህርት ነኝ። ለወላጆች ቀን የሚሰቀል ባነር እንድታትሙልን የልጆቹን ሥዕል ሰጥተናችሁ ነበር። ባነሩ ደርሶናል። ሥዕሉ ግን የልጆቹ አይደለም።

የክፍሉ ሥራ የባለ ቀይ ቆቧ ልጅ ተረት ነው። ቅርጫት ይዛ አያቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ተኩላ የሚያገኛት ልጅ። አነበብኩላቸውና «አሁን ሐረር አምጥታችሁ ሳሉት» አልኳቸው። ጫካው ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማችን፣ ሆነ። ልጅቷ በኤረር በር ትገባለች። የአያትየዋ ቤት ነደባው፣ ማለትም መቀመጫ መደቡ፣ ቀይ፣ ግድግዳው ሙሉ ስፌት ነው። ተኩላውም ጅብ ሆነ። እዚህ ላይ ክፍሉ ተጨቃጨቀ። እዚህ ከተማ ጅብ ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ ይጎርሳል፤ ለአሹራ በዓል ገንፎ ይቀርብለታል። ታዲያ አያት ይበላል? አይበላም ተባለ። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ጅቡ በግንቡ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል፣ አያትየዋ በእንጨት ጫፍ ሥጋ ታጎርሰዋለች፣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አፏን ይዛ ታያለች። ማርክ የሰጠሁትም ለዚህ ሐሳብ ነው።

ዲዛይነራችሁ ጅቡን አጥፍቶ ከኢንተርኔት ያወረደውን ግራጫ ተኩላ ለጠፈበት። እግሩ ሥር በረዶ ተነጥፏል። ጀጎል ውስጥ! ሥጋው ተቆርጦ ስለጠፋ አያትየዋ ባዶ እንጨት ይዛ ቀርታለች፤ አሁን ልትደበድበው የተነሳች ነው የምትመስለው። የጅቡን ነጠብጣብ ጣቱን ቀለም እየነከረ ያተመው ልጅ ባነሩን አየት አድርጎ «ቲቸር፣ የኔ የታለ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ስደውል የተሰጠኝ መልስ የባሰ ነው። «ስህተቱን አርመንላችሁ እኮ ነው፤ ተረቱ ላይ ያለው ተኩላ ነው፤ ያውም በነፃ» ተባልኩ። ተረቱ ራሱ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ፈረንሳይ ውስጥ ባሳተመው ልጅቷም አያቷም ተበልተው ያበቃል። አዳኝ መጥቶ የተኩላውን ሆድ በመቀስ ቀዶ የሚያወጣቸው ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 ጀርመን ውስጥ ባወጡት ላይ ነው። እነሱ መጨረሻውን ከቀየሩት፣ የሐረር ልጆች ጅብ ቢያስገቡበት ምን ነውር አለው?

ቆቡ ደግሞ ሮዝ ሆኗል። በኅትመት ቀይ የሚወጣው ማጀንታ የሚባለው ደማቅ ሮዝ ቀለምና ቢጫ ሲደራረቡ ነው፤ ቢጫው ሲያንስ ወደ ሮዝ ይሄዳል። የማሽን ነገር ነውና ይሄ ብቻ ቢሆን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ግን ተረት ለማረም ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ቀዩን ቆብ ሮዝ አድርጎ ማለፉ ይገርማል።

ዲዛይነሩን ቅጡልኝ እያልኩ አይደለም። ርዕሱን የጻፈበት ፊደል በጣም ያምራል፤ እሱ እንዳለ ይቆይ። የምጠይቀው ባነሩ ከልጆቹ ሥዕል ስካን፣ ምንም ሳይነካ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንዲታተም ነው። መጀመሪያ ናሙናውን በቴሌግራም ላኩልኝ፤ እኔ «ይሁን» ሳልል ማሽኑ እንዳይነሳ። ኦሪጅናሎቹ ወረቀቶች እናንተው ጋ ናቸው፤ ሳይታጠፉ ይመለሱልን። ቀሪውን ሒሳብ ትምህርት ቤቱ የሚከፍለው ይህ ሲሟላ ነው።

ለወላጆች ቀን የማይደርስ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሩኝና ቅድመ ክፍያው ይመለስ። የልጆቹን ወረቀት ራሱን ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የክፍሉ የሥነ ጥበብ መምህርት