«ድንገተኛ» ለምትሏት ጎርፍ

ይድረስ ለጎርፍ መከላከያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ እንኳ ምንጣፍ ስናሰጣ ከርመናል።

ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም ላይ ማኅተም ተመትቶ «እናየዋለን» ተብያለሁ። አራተኛውን ይዤ ወረፋ መቆም ስለታከተኝ ሰው ሁሉ እያየ ልጻፍልዎት።

የጠየቅኩት ትንሽ ነገር ነበር። ከሰፈራችን በላይ፣ በመንገዱ ሥር የሚያልፈው የውሃ ቱቦ አፉ በግንድና በጠጠር ተደፍኗል፤ በረዶው መቅለጥ ሳይጀምር ይጠረግልን አልኩ። ይኸው ነው።

አልተጠረገም። ጸደይ ገባ። ሞቃት ነፋስ ነፈሰ፣ ዝናቡም በረዶው ላይ ወረደ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ውሃው መሄጃ ሲያጣ መንገዱን ዘሎ በእኛ በር ገባ። መራመድ የማይችል አባቴን አዝዬ ደረጃውን ስወጣ ውሃው ጉልበቴ ደርሶ ነበር። አባቴ ጀርባዬ ላይ ሆኖ «ጫማዬስ?» ይለኛል። የማስጠንቀቂያ መልእክታችሁ ስልኬ ላይ የገባው እሱን ፎቅ ላይ አስቀምጬ ትንፋሼን ስሰበስብ ነው። «ወደ ከፍታ ቦታ ይውጡ» ይላል። እግዜር ይስጥልን፣ ወጥተናል።

ካሳ ስጠይቅ የመጣልኝ መልስ ሁለት መስመር ነው፦ አደጋው ድንገተኛ የተፈጥሮ ክስተት ስለሆነ መሥሪያ ቤቱን አይመለከትም።

እስቲ ድንገተኛው የቱ ጋ ነው? በረዶው የብርዱን ወራት ሙሉ ተራራው ላይ ተቀምጦ ነበር። ከቢሮዎ መስኮት ይታያል። አዲስ የወረደ በረዶ አብዛኛው አየር ነው፤ ጸደይ ላይ የተጠቀጠቀው ግን ከ30 እስከ 50 በመቶው ውሃ ሊሆን ይችላል። 1 ሜትር በረዶ ማለት እስከ ግማሽ ሜትር ውሃ አናታችን ላይ ቆሟል ማለት ነው። ከሥሩ ያለው በብርድ የጠጠረ መሬት ደግሞ ውሃ እምብዛም አይመጥጥም። ዝናቡ ብቻውን ይህን ያህል አያቀልጥም፤ ዋናው አቅላጭ አብሮት የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ ነፋስ ነው። እሱን ደግሞ የአየር ትንበያው ከቀናት በፊት ተናግሮታል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳቴ ራሱ ያሳፍራል፤ ሥራዎ ነው።

እሺ፣ ዝናቡ ድንገተኛ ነው ይበሉኝ። ግንዱስ? ቱቦው አፍ ላይ አምስት ወር የተጋደመው ግንድ እሱም ድንገተኛ ነው?

የማመልከቻዎቹን ቅጂ አያይዣለሁ። አንዱ ረጥቧል፤ ቀኑና ማኅተሙ ግን ይነበባል።

ትናንት ወጥቼ አየሁት። ግንዱ እዚያው ነው። ተራራው ላይም ገና በረዶ አለ።