የጀማ አፈር ጉባ ሲደርስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ መርሐቤቴ።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከጉባ ሙቀት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን በቅጡ ሳልመልስልዎ መስመሩ ተቋረጠ። «ጀማ በየክረምቱ ይህን ሁሉ አፈር ጠርጎ ይወስዳል፤ እናንተ ዘንድ ሲደርስ የት ይገባል?» ነበር ያሉኝ። የሕዳሴ ግድቡን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ስለ ቁመቱ 145 ሜትር፣ ስለ 13ቱ ተርባይኖችና ስለ 5150 ሜጋ ዋቱ ይጠይቁኛል፤ ስለ አፈሩ የጠየቀኝ ግን ከእርስዎ በቀር ትዝ አይለኝም።

ጀማ ዓባይን ከተቀላቀለ በኋላ ውኃው ጎጃምንና ወለጋን እያዋሰነ ጉባ ይደርሳል። ዱሮ አፈሩን እንደተሸከመ ሱዳን ይገባ ነበር። አሁን ግን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ከሚይዘው ሐይቅ ሲገባ ጉልበቱ ይከዳውና አሸዋውን ከሐይቁ ራስ ላይ ይጥላል፤ ደቃቁ ደለል ትንሽ ዘልቆ ቀስ በቀስ ይዘቅጣል። ጋን ውስጥ የሰነበተ ጠላ አተላው ከሥር እንደሚቀር ማለት ነው። ተርባይኑን የሚመታው ከላይ የጠለለው ውኃ ሲሆን፣ እሱም ሥራውን ጨርሶ ወደ ታች መንገዱን ይቀጥላል። አተላው ግን በየዓመቱ እየተነባበረ የውኃውን ቦታ ይሻማል፤ የእናቴን ጋን አጥቦ መድፋት ይቻላል፣ ይህን ጋን ግን ማን ያጥበዋል?

በነሐሴ ከላይ ከወንዙ የተቀዳ ውኃ በጠርሙስ አምጥተውልን ጠረጴዛዬ ላይ አሳደርሁት። ጧት ውኃው ጠርቶ፣ ከሥሩ የጥፍር ውፍረት ያህል ደለል ተኝቶ አገኘሁት። በጣቴ ባሸው እንደ ዱቄት የላመ ነው። የእኛ ማሳ ይሁን የሌላ ሰው መለየት ባልችልም፣ ጠርሙሱን መድፋት ግን አልሆነልኝም።

በ2003 ዓ.ም. የወይፈን ዋጋ አውጥተው ቦንድ ሲገዙ ሰፈሩ ሁሉ አመሰገነዎት፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲክቡት የኖሩትን እርከን ግን ለግድቡ የተሠራ ነው ብሎ የቆጠረልዎ የለም፤ እኔም ብሆን አልቆጠርሁትም ነበር።

ከገደሉ አፋፍ ያለው እርከን ባለፈው ክረምት መደርመሱን ወንድሜ ነግሮኛል። ለሠራተኛ የሚሆን ገንዘብ በእሱ በኩል ልኬአለሁና በበጋው ይጠገን። እርስዎ ከዛፉ ጥላ ተቀምጠው ድንጋዩ እንዴት እንደሚነካከስ ያሳዩአቸው እንጂ፣ በዚያ ጉልበትዎ አንዲት ድንጋይ እንዳያነሡ አደራ።

ልጅዎ፣ ከጉባ