ልጄ፣ ጀልባ ላይ እንዳትሳፈር

ውድ ልጄ፣

ለእህትህ ስለ ጣሊያኗ ደሴት «ላምፔዱሳ እኮ ቅርብ ናት» አልካት አሉ። እናትህ ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰችም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፤ ቅርብ አይደለችም። ካለህበት ከሊቢያ ዳርቻ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ባሕር ነው። ደሴቷ ራሷ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ትንሽ ከሳቱ ማለፍ ነው። ጀልባ ላይ እንዳትሳፈር።

ልጅ ሳለህ የቦታ ስም ከየት መጣ ሳትል አትተኛም ነበር። ይህችን አልጠየቅከኝም፣ ልንገርህ። የጥንት ግሪኮች ሎፓዱሳ ይሏት ነበር። ስትራቦ የሚባለው ጂኦግራፈር ከ2,000 ዓመት በፊት ገደማ በዚህ ስም ጠቅሷታል። አንዳንዶች ስሙን ጠፍጣፋ ሳህን ወይም ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ከሚለው ቃል ያመጡታል። ሌሎች «ላምፓስ» ነው ይላሉ፤ ችቦ ማለት ነው። ለመርከበኞች እሳት ይነድባት ነበር ብለው። እኔን የሚያሳምነኝ የፊተኛው ነው፤ ጥንታዊው ስም በ«ሎ» ነው የሚጀምረው። ችቦው ግን ከልቤ አልወጣ አለ።

መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ደመራ በተለኮሰ በሳምንቱ፣ ከሚስራታ የተነሳች ጀልባ ከ500 በላይ ሰው ጭና እዚያች ደሴት አጠገብ ደረሰች። ሞተሯ ቆመ። ሰው እንዲያያቸው ብርድ ልብስ አቃጠሉ። እሳቱ ተዛመተ፣ ሰዉ ወደ አንድ ጎን ሸሸ፣ ጀልባዋ ተገለበጠች። 368 ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ያንተው እኩዮች። የተረፉት 155 ናቸው። ብዙዎቹ ሟቾች መቃብራቸው ላይ ቁጥር ብቻ ተጻፈ።

ያንተን ስም ያወጡት አያትህ ናቸው። ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ክርስትናህ እንዳያመልጣቸው ብለው ከገጠር በእግራቸው መጡ። ቄሱ ሌላ ስም ሲሉ «አይሆንም፣ እኔ ያልኩት ነው» ብለው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተሟገቱ። አባትህ ሆኜ እንኳ እኔን አልጠየቁኝም። ያ ስም በቁጥር እንዲተካ አልፈቅድም። ሰማህ? ጀልባ ላይ እንዳትሳፈር!

ለደላላው ተጨማሪ ሳንቲም አትስጥ። የእህትህን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈህ ልብስህ ውስጥ ስፋው። ትሪፖሊ ያለውን አይኦኤም፣ ዓለም አቀፉን የስደተኞች ጉዳይ ድርጅት፣ ጠይቅ፤ መመለስ የሚፈልገውን ወደ አገሩ ይልካሉ። የተበደርከውን እኔ እከፍላለሁ፣ እሱን አታስብ። ዓርብ ማታ እህትህ ስልኳን ከፍታ ትጠብቅሃለች፤ እናትህም አጠገቧ ናት። ደውል።

አባትህ